የጠበልተኛ ማደሪያ

ይርዳው ጡረታ በወጣ ሰሞን አሮጌ ሚኒባሱን ቤት አደረገው። ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ ገጠመ፤ ከአልጋው ሥር የውሃ ጀሪካንና ቡታጋዝ አኖረ፤ ለመስኮቶቹ ባለቤቱ ሠርካለም መጋረጃ ሰፋች። የጉዞው ሐሳብ የእሷ ነበር። እሱ ትንሽ እንረፍና እንሄዳለን ቢል፣ «ዕድሜህን ሙሉ የሰው ሚስት ስታመላልስ ኖረህ፣ እኔን አንድ ቀን እንኳ አላንሸራሸርከኝም» ብላ አስቸኮለችው። ከኮምቦልቻ ተነሥተው ወደ ዋግ አቀኑ።

መንገዱን ይርዳው ለምዶታል። ያስቸገራቸው ማደሪያ ነው። ሆቴሎቹ መኪና ግቢ ለማሳደር ብቻ የአልጋ ያህል ይጠይቃሉ። ከነዳጅ ማደያ ጥበቃው ያባርራል። ሜዳ ላይ ማደር ደግሞ በዚህ ዘመን ማን ይደፍራል? ከወልድያ አለፍ ብለው አንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው ቢለምኑ፣ ዘበኛው «ግቢው ለጠበልተኛ ብቻ ነው» አላቸው። ይርዳው መኪናውን ሊያዞር ሲል ሠርካለም በመስኮቱ ብቅ አለች።

«ጠበልተኞች ነን። የታመምኩት እኔ ነኝ።»

በሩ ተከፈተ። መሬቱ ደልዳላ፣ ውሃው ቅርብ፣ ጥበቃው የታመነ፣ ሁሉም በነፃ። ይርዳው አልጋው ላይ ተጋድሞ ሳቀ።

«አንቺስ ተዋናይ መሆን ነበረብሽ።»

እሷም ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ውሸቷ የየግቢው ቁልፍ ሆነች። ሠርካለም ጠበል ያለበትን እየጠየቀች መንገዱን ትመራለች፤ እሱ ይነዳል። ገና ጎሕ ሲቀድ ከበሽተኛው ጋር ወደ ጠበሉ ትወርዳለች። እየተንቀጠቀጠች ስትመለስ ይርዳው ጋቢውን ይደርብላትና ይቆጣታል።

«በዚህ ብርድ ምን አስገባሽ? ማን ያይሽ መስሎሽ ነው?»

«ጠበልተኛ ነኝ ብዬ ሳልጠመቅ ብውል ሰው ምን ይላል?»

ይርዳውን ግን ሳቁ እየተወው ሄደ። ጋዝጊብላ ላይ አንዲት አሮጊት ዘንጋቸውን ተደግፈው መጡ። የሠርካለምን እጅ ይዘው አለቀሱላት፤ ለራሳቸው የቋጠሩትን ቆሎ ፈትተው መዳፏ ላይ አፈሰሱላት። ይርዳው ያንን ቆሎ መቅመስ አቃተው። ሠርካለምም አልቀመሰችው። እሷንም ሕሊናዋ ቢቆጠቁጣት ነው ብሎ አሰበ፤ ያም ትንሽ አጽናናው።

ሰቆጣ ሊገቡ ሲሉ መኪናውን ዳር አስያዘ።

«ሠርኬ፣ ይብቃን። እዚህ እንኳ ሆቴል ገብተን፣ የጠየቁንን ከፍለን እንደር።»

«እዚህ ድረስ መጥተን?» አለች። «የሰቆጣውን ልጠመቅና ከዚያ በኋላ እንደወደድክ።»

«ልጠመቅ አልሽ?»

«እንደር ለማለት ነው። አፌ ለምዶት።»

ጠበሉ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ገደል ሥር ነው። አካባቢው ሁሉ ተዳፋት ሆኖ መኪና የሚያቆም አንድ ደልዳላ ቦታ ብቻ አለው። እሱም ላይ ዝናሽ የምትባል የአበርገሌ ሴት ከታመመች ልጇ ጋር ዳስ ጥላበታለች። አጥማቂው መምሬ አሥራተ ማርያም ሊቀበሏቸው ወጡ። ሠርካለም ወርዳ መስቀል ከተሳለመች በኋላ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ የሆነ ነገር ነገረቻቸው። ይርዳው አዲስ ውሸት እየጨመረች መስሎት በኀፍረት ፊቱን አዞረ።

መምሬ ወደ ዝናሽ ሄደው በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ አነጋገሯት። ዝናሽ ሠርካለምን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ከዚያ የዳሱን ካስማ መንቀል ጀመረች።

«ኧረ ተዪው እቴ! እኛ ወዲያ ማዶ እንሆናለን» አለ ይርዳው እየሮጠ።

«ግድ የለም» አለች ሴትዮዋ በተሰባበረ አማርኛ፣ ቀና ሳትል። «የባሰባት የእርስዎዋ ናት።»

ልጇን አዝላ ነፋስ ወደሚመታው ጠርዝ ወጣች። ልጅቱ ለመታዘል ያደገች ናት፤ ቀጫጭን እግሮቿ ከእናቷ ጉልበት በታች ይንጠለጠላሉ። ይርዳው ሚኒባሱን በባዶው ቦታ ላይ አቆመ።

ሲመሽ ነፋሱ ተነሣ። ከላይ፣ ከጠርዙ በኩል የልጅቱ ሳል ይሰማ ነበር። ሠርካለም ፊቷን ወደ መጋረጃው አዙራ ተኝታለች።

«ትሰሚያለሽ?» አላት።

«እሰማለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ያስችልሻል?»

ጋቢውን ተከናነበች። ከተጋቡ ጀምሮ ሚስቱን በክፉ ዓይን ያየበት ቀን ቢኖር ያ ነው።

ሲነጋ ጥምቀቱ አብቅቶ፣ መምሬ ለሕዝቡ መስቀል እያሳለሙ እነሱ ዘንድ ደረሱ። ዝናሽም ልጇን እንዳዘለች ከሰዉ መካከል ቆማለች። ይርዳው ጋቢውን አደግድጎ መምሬ እግር ላይ ወደቀ።

«አባ፣ በድያለሁ።»

ሠርካለም ትከሻውን ያዘችው። «ይርዳው፣ ተው።»

«አልተውም። አባ፣ አታለናችኋል። ሚስቴ ምንም አልታመመችም። ከወልድያ ጀምሮ እንዲህ እያልን በየደጀ ሰላሙ በነፃ ስናድር ነው የመጣነው። ያችን ምስኪን ልጅ ከቦታዋ አስነሥተን ጤነኞች ተኝተንበታል። ለእናቷ በቋንቋዋ ይንገሩልኝ። አሁኑኑ እንለቃለን፤ እርስዎም የፈለጉትን ይቅጡኝ።»

ይርዳው አንገቱን ደፍቶ ተግሣጹን ጠበቀ። ተግሣጹ ሲዘገይበት ቀና አለ። መምሬ እሱን አያዩም። የሚያዩት ሠርካለምን ነው፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ሠርካለም የረጠበ ነጠላዋን ወደ ደረቷ ሰበሰበች።

«አይፍረዱበት አባ» አለች። «እሱ አያውቅም።»