አሥራ አንድ እርምጃ

«ገጽ ዘጠኝ» እላለሁ፣ መጽሔቱን ባንኮኒው ላይ እየዘረጋሁ። «መነጽርዎን ያድርጉ፣ ጋሽ ኸይሩ። እንዲህ ያለ ነገር ሚዛን ውስጥ በየቀኑ አይነበብም።»

«‹ማራናታ ኢሳይያስ፣ ከሸዋ ቤንች›» ይላል በጣቱ እየተከተለ። «አንቺ ነሽ?»

«ሌላ አለች?»

መጽሔቱን የሚያሳትመው አዲስ አበባ ያለ የጥንት ሳንቲም አጥኚዎች ማኅበር ነው። ለቡና ችግኝ ጉድጓድ ስቆፍር ሦስት ጠገራ ብር አግኝቼ ጽፌላቸው ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ላቆምኩት ለእኔ «ክብርት ሆይ» ብለው መለሱ። ብሩን አትፈግፍጊው፣ ቦታውን እስክናይ ማንም እንዳይቆፍር፤ ከብሩ ይልቅ ቁም ነገሩ የተገኘበት ቦታ ነውና በትክክል ጻፊልን አሉ። በትክክል ከተባልኩ ደግሞ እኔ ቀልድ አላውቅም።

«‹ከአባቴ መቃብር ራስጌ፣ ወደ ፀሐይ መውጫ፣ አሥራ አንድ እርምጃ።›» ኸይሩ ድምፁን ይቀንሳል። «ይህንንም ጻፍሽው?»

«ጥናት ነው፣ ጋሼ። ብሩን ለልጅዎ ለሐያት ሐብል ላሠራበት መሰለዎት?»

አይስቅም። ዓይኑ ከኋላዬ ነው።

በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ለስላሳ ይጠጣሉ። አንደኛው ከጃኬቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል። ገጽ ዘጠኝ ነው። የኔ መጽሔት በአውቶቡስ የመጣው ገና ዛሬ ነው፣ እሱን ልቀበል ጎህ ሳይቀድ ከቤት ወጥቼ፤ የሱ ወረቀት ግን እጥፋቱ ላይ ተበልቷል።

«ማራናታ አንቺ ነሽ? እንዲህ አጥርቶ የሚጽፍ ሰው አይተን አናውቅም።»

«ከማኅበሩ ናችሁ?»

«አንባቢዎች ነን» ይላል። ጓደኛው ፈገግ ይላል። «ጠዋት ቤታችሁ ሄደን ሰው አጣን። መቃብሩንስ ከጓሮ አገኘነው። ችግኙ ግን ሁሉም ተመሳሰለብን። እርምጃው ያንቺ ነው ወይስ የወንድ?»

«ማኅበሩን ጠይቁ።»

«ምን ያስለፋናል፣ አንቺው እያለሽ።»

የሚያየው እግሬን ነው። ደጅ ከቆመው ባጃጅ የዶማ እጀታ ብቅ ብሏል፤ የተለጠፈበት ቀይ አፈር ገና እርጥብ ነው። የኛን አፈር አልስተውም። አባቴን ከየቱ ጎን ጀምረውት ይሆን?

መጽሔቱን አጥፌ እወጣለሁ።

«ማራናታ፣ ቆይ» ይላል ኸይሩ።

አልቆይም። ቀና ብዬ እራመዳለሁ፣ እንደ ልማዴ።

«አንድ» ይላል ሰውየው ከኋላዬ፣ ቀስ ብሎ። «ሁለት።»

ለሦስተኛው እግሬን አንስቼ የማሳርፍበት አጣለሁ።