ለግጥሙ ጀርባዋን የሰጠችው ሴት

ሚስተር ፐርኪስ የሙከራውን ወረቀት ከእጅ ማተሚያው ላይ ቀስ አድርገው አነሱና ዝም አሉ። ሰባት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ጩኸታቸውን ለምጄዋለሁ፤ ዝምታቸውን ግን እፈራለሁ።

«ማርጀሪ፣ ይቺ ሴትዮ ወዴት ነው የምታየው?»

ተጠግቼ ሳይ ክው አልኩ። ሥዕሉ ላይ መስኮት ዳር የተቀመጠችው ሴት ከጎኗ ለሚታተመው ግጥም ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ወረቀቱ ጠርዝ ታያለች። ማተሚያው እንጨት ላይ ወደ ቀኝ እንዲያይ የተቀረጸ ሥዕል፣ ሲታተም ወደ ግራ እንደሚያይ ጀማሪ ቀራጭ እንኳ ያውቃል። እኔ ግን ገልብጬ መሳሉን ረስቼ ትዝ እንዳለችኝ ቀረጽኳት።

«እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ላሟም፣ አንበሳውም፣ መልአኩም ወደ ግጥሙ ነው የሚያዩት። ስንቴ ልንገርሽ?»

«ነግረውኛል።»

«ለግድግዳ ነዋ የነገርኩት!»

ቀለም እንዲይዝ ትናንት ያራስነው ሦስት መቶ ወረቀት በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ይጠብቃል። በዚህ ሙቀት ነገ ይሻግታል፤ ወረቀቱን በእጃቸው ይሠሩልን የነበሩት ሰውዬም ሥራውን ትተዋል። የተቀረጸ እንጨት ደግሞ እንደፈሰሰ ውሃ ነው፣ አይታፈስም።

«ጠርበሽ አውጫት» አሉ። «የተጠረበው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ባዶ ወንበር ይበቃናል።»

መቅረጫዬን አንስቼ ጆሮዋ ሥር አሳረፍኩት። ሴትዮዋ አምና የቀበርናቸው ባለቤታቸው መሆናቸውን ሚስተር ፐርኪስ አላወቁም። መጽሐፉ ሲያልቅ ገልጠው እንዲያገኟቸው ብዬ ነበር ሳልነግራቸው የቀረጽኳቸው። አሁን ብናገር ለጥፋቴ ሟችን አማላጅ መላክ ይሆንብኛል። ዝም ብል ደግሞ በገዛ እጄ ላጠፋቸው ነው። መቅረጫውን መልሼ አነሳሁት።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«መነጽርዎን አድርገው ይዩዋት» አልኩ።

መነጽራቸውን ከግንባራቸው ላይ አውርደው ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አሉ። ሴትዮዋ ጸጉሯ ውስጥ እርሳስ ሰክታለች። ዓይናቸው እርሳሱ ላይ ቆየ።

«ዶርካስ» አሉ።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግጥም አነበብኩላት፤ አንድ ቀን እንኳ ዞራ አላየችኝም። መስኮቱን ነበር የምታየው።»

«ይሰሙ ነበር?»

«እንዴት አትሰማ! ስሳሳት ሳትዞር ነበር የምታርመኝ።»

መቅረጫውን ከእጄ ወስደው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። እርጥቡን ጨርቅ ገልጠው የመጀመሪያውን ወረቀት አስተካክለው ዘረጉ፤ ማተሚያውን ግን ወዲያው አልጎተቱም። የግጥሙን የመጀመሪያ መስመር ጮክ ብለው አነበቡ፣ አንዷን ቃል ሆን ብለው አሳስተው።

ከዚያ ጠበቁ።