ገጽ ሁለት መቶ አራት

የሟቹ ወንድሞች ጠበቃ ጠርዙ የነተበ አሮጌ የሕግ ማብራሪያ ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ያለ ጋብቻ አብራ የኖረች ሴት፣ ዘመኑ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ሚስት አትባልም፤ አትወርስም።»

ከሟቹ ጋር ሠላሳ አራት ዓመት የኖረችው ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ከምታጣው ቤት ይልቅ ያንገበገባት «ሚስት አትባልም» መባሏ ነው።

ዳኛዋ አንገታቸውን ደፉ። «እማማ፣ ፍርድ ቤቶች ዛሬም የሚከተሉት ይህንኑ መጽሐፍ ነው። የሚሉት አለ?»

«ምን እላለሁ ልጄ? ታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። ባሌ ሳሎናችን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ይነግረኛል፣ እኔ እመታለሁ። እዚህ ገጽ ላይ ስንደርስ እጄ ቆመ። ‹እኛስ?› አልኩት። ሳቅ አለና ‹መጽሐፉ ይለቅና ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረማለን› አለኝ።»