መሪጌታ ሲያልፉ የሚቋረጠው ሳቅ

ዘመናትን የሚሰፍር፣ የልብንም ጓዳ ያለ መብራት የሚያይ እግዚአብሔር ያውቃል፤ በፍልሰታ ጾም በዐሥረኛው ቀን፣ የሰመራ አስፋልት ጫማ በሚይዝበት በዘጠኝ ሰዓት፣ መሪጌታ እንድሪያስ በከማሉዲን ሻይ ቤት የጓሮ በር፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመው ጆሯቸውን አቅንተው ነበር።

«ተመልከቱት፣ አሁን ይንሸራተታል» አለ አንድ ድምፅ ከውስጥ። ሳቁ የቆርቆሮውን ጣሪያ አነቃነቀው።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ጠበቅ አደረጉ። በሐምሌው ንግሥ ወረብ እየመሩ ሳለ፣ ዝናብ ያረጠበው ምንጣፍ አዳልጧቸው በሕዝብ ሁሉ ፊት በመቀመጫቸው ወድቀው ነበር። በዚያ ሰዓት ስልክ ያልደቀነ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጉልበቴን አሞኛል ብለው ከመሪነት ወደ ኋላው ረድፍ ወርደዋል። ከቅዳሴ ሲመለሱ በዚህ ሻይ ቤት ደጅ ባለፉ ቁጥር ደግሞ፣ ከውስጥ ሲፈነዳ የቆየው ሳቅ ውኃ እንደ ተቸለሰበት ፍም እልም ይላል። ትናንት ከማሉዲን አንድ ነገር ከጀርባው ሸሽጎ እጅ ሲነሣቸው አይተዋል። አንድ ሾፌርም ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። የሰው ሁሉ መሳለቂያ መሆናቸውን በዓይናቸው ካረጋገጡ፣ ዐሥራ አራት ዓመት ያገለገሉበትን ደብር ትተው ወደ ትውልድ አገራቸው ሊመለሱ ቆርጠዋል።

መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ሳቁ ተቆረጠ፤ ቴሌቪዥኑም ጠፋ። ፀሐይ እስኪበርድ ተሳቢያቸውን አቁመው የተጠለሉት ሾፌሮች ከአግዳሚው ብድግ ብድግ አሉ።

«ያጠፋችሁትን አብሩት።»

ባለ ሻይ ቤቱ ከማሉዲን ሪሞቱን ወደ ኋላው አዞረ። «መሪጌታ፣ ይህ ለእርስዎ የሚሆን አይደለም።»

«እኔው ያለሁበት ለእኔ እንዴት አይሆንም?»

ከማሉዲን ነገሩ ስላልገባው ሾፌሮቹን አየ፤ እነርሱም እርሱን አዩት። ምርጫ አልነበረውምና አበራው።

ቀለሙ የወየበ የድሮ ፊልም ነበር። አንድ ቀጭን ሰው ረጅም መሰላል ተሸክሞ ዞር ሲል ከኋላው የቆመውን ፖሊስ ይመታል፤ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲዞር ደግሞ ቀለም ቀቢውን ይጥላል። ከማሉዲን ከወሎ መጥቶ በሰማንያዎቹ አሳይታ ላይ ቪዲዮ ቤት ከፍቶ እንደ ነበር፣ የዚህንም ፊልም ካሴት ኋላ ወደ ፍላሽ እንዳስገለበጠው ተናገረ። የፊልሙን ቋንቋ ያኔም ዛሬም የሚያውቅ የለም፤ ነገር ግን ግመል ሊሸጥ የመጣው አፋርም፣ ከደጋ የወረደው ወታደርም እኩል ቦታ ላይ ይስቁ ነበር፤ መውደቅ አስተርጓሚ አይሻምና።

«የምናጠፋውም አፍረን ነው» አለ በመጨረሻ። «ትልቅ ሰው ከጸሎት ሲመለስ መገልፈጥ ነውር ነው ብለን። ለሸህ ሙእሚንም እናጠፋለን፣ ወላሂ።»

መሪጌታ አላመኑም። ተንኮለኛ እጅ አንዱን ምስል በሌላ ለመለወጥ ስንት ቅጽበት ይፈልጋል? የማጭበርበሪያውን ስፌት ሊያገኙ ተቀመጡና፣ የብራና ግድፈት እንደሚለቅም ሊቅ ምስሉ ላይ አፈጠጡ። ሾፌሮቹም ፊልሙን ትተው እሳቸውን ያዩ ጀመር። ቀጭኑ ሰው እግሩን የኖራ ባልዲ ውስጥ ከተተ፤ ተንገዳገደ፤ ተንሸራተተ፤ ዘፍ አለ። ማንም አልሳቀም፤ አንዱ የሽርጡን ጫፍ አፉ ውስጥ ወትፎ ነበር።

የወደቀው ሰው ወዲያው አልተነሣም። እንደ ተቀመጠ ባርኔጣውን አቃና፤ ከዚያም ማን እንዳየው ለማወቅ በስርቆት ግራ ቀኙን ቃኘ።

ያንን አስተያየት መሪጌታ ያውቁታል። በዚያ ምንጣፍ ላይ የራሳቸው ነበር። አንዳች ነገር በአፍንጫቸው ሾልኮ ሊወጣ ሲል ሳል አስመሰሉት።

«እኔም እንዲህ ነበርሁ?» ሲሉ ጠየቁ፤ ማንን እንደ ጠየቁ ሳያውቁት።

ትናንት ፊቱን ወደ ግድግዳ የመለሰው ሾፌር፣ ከአዋሽ የመጣው ውብሸት፣ ጎንበስ ብሎ መለሰላቸው። «የኔታ፣ በንግሡ ዕለት እኔም ነበርሁ። እንዲሁ ነበሩ፤ ሳቄም መጥቶብኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ዳሩ ግን ብብትዎን ይዤ ያነሣሁዎትም እኔ ነኝ። አላዩኝም፤ የሚስቀውን ነበር የሚፈልጉት።»

መሪጌታ የውብሸትን እጆች ተመለከቱ፤ ሰፋፊ፣ የመኪና ግራሶ ጥፍራቸው ውስጥ የገባ እጆች። የሳቀውን ሲያስሱ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ያነሣቸው ማን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁም ነበር።

ከአግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ለሾፌሩ ቦታ ለቀቁለት። «ከመሰላሉ ጀምረህ መልሰው» አሉት ከማሉዲንን።

ቀጭኑ ሰው ዳግመኛ ሲወድቅ፣ ሳቁን ከሁሉ ቀድሞ ያነሣው ዜማ መምራት የለመደ ወፍራም ድምፅ ነበር፤ ሾፌሮቹም ተቀበሉት።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ የወደቀውን የማይጸየፍ አምላክ ከቤታችሁ ሳቅን አያርቅ፤ ብብት ይዞ የሚያነሣ እጅም አያሳጣችሁ።