አንቀመጥም

ሽማግሌው ለወንድማቸው ልጅ ሚስት ሊጠይቁ የሄዱት፣ መቅረት ነውር ሆኖባቸው ነው። ፊንጢጣቸው ከተሰነጠቀ ወዲህ፣ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰው ከተመለሱ ጡንቻው እየተኮማተረ እስከ ማታ ያሰቃያቸዋል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፉ ብቻ ትንሽ ይለቃቸዋል። ለሰው ግን «ወገቤን ነው» ይላሉ።

ያጽናናቸው ወጉ ነው። ሽማግሌ ምላሽ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ የልጅት አባትም በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፣ ቀጠሮ ሰጥቶ ይሸኛል።

አባትየው አቶ ድንበሩ ገና ከበሩ «ኧረ ተቀመጡ» አሏቸው።

«ጉዳያችን ሳይሞላ አንቀመጥም» አሉ ሽማግሌው፣ አብረዋቸው ከመጡት ሁሉ ቀድመው።

ጥያቄውን ተናግረው ሳይጨርሱ ሕመሙ ጨምድዶ ያዛቸው። ጥርሳቸውን ነከሱ። እንባቸው ግን አልታዘዝ ብሎ በጉንጫቸው ወረደ።

አቶ ድንበሩ ትክ ብለው ሲያዩአቸው ቆዩና ብድግ አሉ።

«ቀጠሮ ልሰጣችሁ ነበር። ለወንድሙ ልጅ እንዲህ የሚያነባ ሰው ካለበት ቤት ገብታ ልጄ አትጎዳም። ሰጥቻለሁ።»

ከጓዳ እልልታው ቀለጠ። አቶ ድንበሩ የእንጨት በርጩማቸውን ጎትተው አመጡ፤ የሽማግሌውን ትከሻ በሁለት እጃቸው ይዘውም በፍቅር ወደ ታች ጫን አደረጉት።

«እንግዲህ ይቀመጡ።»