ልጁ የሚሰማው መዝሙር

«ተንቀሳቀሰ?» አለች ሲስተር ሰብሊ።

«አልተንቀሳቀሰም።»

ዕድላዊት በግራ ጎኗ ተኝታለች። ሆዷ በሁለት ቀበቶ ታስሯል፤ በእጇ ልጁ ሲራገጥ የምትጫነውን ቁልፍ ይዛለች። አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ ደርቆ ቀርቷል። የልጁ ልብ በማሽኑ ውስጥ ቱክ ቱክ ይላል፤ እየተሳበ በሚወጣው ወረቀት ላይ ግን መስመሩ ሜዳ ነው። የነቃ ልጅ ሲራገጥ ልቡ ይፈጥናል፣ መስመሩም ኮረብታ ይሠራል። የዚህኛው ኮረብታ የለውም።

ዶክተር ካሌብ ወረቀቱን አይቶ የተናገረው አጭር ነበር። ልጁ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ተዳክሞም ሊሆን ይችላል። ልቡ ሁለቴ ከፍ ካለ ወደ ቤት፤ ካላለ ግን ወሩ ባይገባም በኦፕራሲዮን ይወጣል። ይህን ብሎ ወደ ሌላ አልጋ ሄደ። ዕድላዊት አምና ከዚሁ ክፍል ባዶ እጇን ወጥታለች። ያኔም ነገሩ የጀመረው ልጁ ዝም ሲል ነው።

«በኢየሱስ ስም!» አሉ አማቷ ወይዘሮ አስቴር፣ ከአልጋው ግርጌ ቆመው። ከምዕራብ ዓባያ አርባ ምንጭ እስኪገቡ ሚኒባስ ውስጥ ሲጸልዩ መጥተው ድምፃቸው ሻክሯል።

ሰብሊ ከጋውኗ ኪስ ስልኳንና ጆሮ ማዳመጫ አወጣች። «እስቲ ሙዚቃ እናሰማት። እናት ደስ ሲላት አንዳንዴ ልጁም ይነቃል። ምን ልክፈትልሽ?»

ዕድላዊት አፏን ሳትከፍት አማቷ ቀደሟት። «ዘፈን እንዳትከፍቺባት ልጄ! መዝሙር ነው። የእኛን መዝሙር፣ የኳየሩን።»

ተከፈተላት። ጥሩ መዝሙር ነው፤ ኪቦርድ አለው፣ ጭብጨባ አለው። ዕድላዊት ባርኮትን ካገባች ወዲህ በየእሁዱ ቆማ ዘምራዋለች። ኦቾሎ በሚባል መንደር ከኦርቶዶክስ ቤት ነው የተወለደችው። ወይዘሮ አስቴር «ምራቴ የእናት የአባቷን ትታ ጌታን ተቀብላለች» እያሉ ለጎረቤት ሁሉ ሲያወሩላት አቀርቅራ ፈገግ ትላለች። መዝሙሩ አለቀ። ልጁ ንቅንቅ አላለም።

ሰብሊ መዝሙር የምትቀይር መስላ ጎንበስ አለች። «አንቺ ራስሽ የምትወጂው የቱን ነው? ጆሮሽ ውስጥ እኮ ነው፤ ካንቺ በቀር የሚሰማ የለም።»

ዕድላዊት ሰረቅ አድርጋ አማቷን አየች። ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። የሙዝ እርሻው መሀል ብቻዋን ስትሆን ሆዷን እየዳበሰች የምታንጎራጉረው አንድ መዝሙር አለ፤ ልጅ ሳለች ሰንበት ትምህርት ቤት በከበሮ የዘመረችው፣ የማርያም መዝሙር። ባርኮት እንኳ አያውቅም። ይህ ነገር ከታወቀ በዚያ ቤት «አስመሳይ» ትባላለች። ልጁ ደግሞ አንድ ነገር ከሆነ ጥፋቱ የእሷ ነው፤ የአምናውም ጭምር።

በሹክሹክታ ነገረቻት።

ከበሮው ጆሮዋ ውስጥ ገባ። የማሽኑ ድምፅ ጠፋ፣ የአማቷም ጸሎት ጠፋ። ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ አፍንጫዋን ተሻግሮ ትራሱን አረጠበው። እመቤቴ፣ እባክሽ፣ ይሄን እንኳ ተይልኝ አለች በልቧ። ፈርታለች፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ጎኗን አንዳች ነገር ገፋት። ቁልፉን ተጫነች።

ዓይኗን ስትገልጥ ሰብሊ በጣቷ ወረቀቱን እያሳየቻት ትስቃለች፤ መስመሩ ኮረብታ ሠርቷል። አማቷ ግን ወረቀቱን አላዩም። የሚያዩት እሷን ነው፤ አፏን። ዕድላዊት ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ያወቀችው ያኔ ነው።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የእሷን ያወጣው ጆሮ ማዳመጫ ነው። በልቧ የምታንጎራጉር መስሏት ስትዘምር ነበር፤ ጮክ ብላ፣ የማርያምን ስም እየጠራች።

ማዳመጫውን ከጆሮዋ መንጭቃ አወጣች። «እማዬ...» ብላ ጀመረች።

ወይዘሮ አስቴር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

የልቡ ቁጥር ወረደ፤ መስመሩ እንደገና ሜዳ ሆነ። ዶክተር ካሌብ ተመልሶ መጣና ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየው። «አንዴ ነው ከፍ ያለው» አለ። «ከዚህ በላይ መጠበቅ አልፈልግም። ለኦፕራሲዮን አዘጋጇት።»

«ቆይ!» አሉ ወይዘሮ አስቴር።

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞሩ። እሳቸው ግን የሚያዩት ምራታቸውን ብቻ ነው። «ምን አስቆመሽ?» አሏት። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ከቁጣ ይሁን ከፍርሃት አይለይም። «ዘምሪ!»

«እማዬ፣ እኔ እኮ...»

«የእኔና ያንቺ ጉዳይ ቤት ይደርሳል። አሁን ዘምሪ አልኩሽ!»

ይህን ብለው ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ጠቀለሉና በሁለት መዳፋቸው ጆሮአቸውን ጥርቅም አድርገው ደፈኑ።

ዕድላዊት ዘመረች። መጀመሪያ ድምፅዋ ተቆራረጠ፤ ሲስተር ሰብሊ የአልጋውን ብረት በጣቶቿ መታ መታ አደረገችላት። ዶክተሩ እጁን አጣምሮ ቆመ። አንድ አዝማች አለፈ፤ ምንም የለም። ሁለተኛውን ስትጀምር ቁልፉን ጨብጣ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ስለ ቤቱም «አስመሳይ» ስለሚለው ስምም ማሰብ ትታለች፤ የምትፈልገው ያቺን ግፊት ብቻ ነው። ወይዘሮ አስቴር አንገታቸውን አስግገው ዓይናቸውን የማሽኑ ቁጥር ላይ ተክለዋል።

«ቁጥሩ ወጣ!» ብለው ጮኹ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እስኪደነግጥ። «ወጣ! ወጣ! እንዳታቋርጪ!»

መዳፋቸው አሁንም ጆሮአቸው ላይ ነው።