የምራት ደም

አንጓች ካገባች ሁለት ዓመት ቢሞላትም ሆዷ አልገፋም። አማቷ ታዲያ ምን ይጠፋቸዋል! ክንዷ ውስጥ የወሊድ መከላከያ አስቀብራ እንደሆነ ያለ ሐኪም ደረሱበት። ልጃቸውማ ወንድ ነው፤ እሱ ምን ይጎድለዋል? ሹሩባ የሚሠሩላት መስለው የምራታቸውን ክንድ ዳበሱት፤ ምንም የለም።

«ወደ ውስጥ ሰምጧላ!» አሉ።

ክሊኒኩ የመድኃኒቱን ሆርሞን ከደም ላይ እንደሚለካ የሰሙ ዕለት አንጓችን እየነዱ ወሰዷት። ከተገኘባት ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ እናቷ ቤት ነው፤ ተቆርጧል።

ማሽኑንም ቢሆን እሳቸው መች አምነውት!

«መጀመሪያ ንጹሕ ደም ምን እንደሚመስል ይየው» ብለው፣ ለዲያቆን ያጯትን ልጃቸውን ፈንታነሽን ወንበሩ ላይ አስቀመጧት።

«እማዬ፣ እኔ መርፌ እፈራለሁ።»

«ዝም በይ! ለወንድምሽ ስትይ ይቺ በዛችብሽ?»

የሁለቱም ደም ተቀዳ።

ውጤቱ የደረሰ ቀን ነርሷ ብቅ አለችና፣ «መድኃኒቱ ያለባትን ልጅ ለብቻዋ ላነጋግራት» አለች።

አማትየው ክሊኒኩን በእልልታ አናጉት። «አላልኳችሁም! በይ አንቺ፣ ዛሬውኑ ዕቃሽን ሸክፊ!»

አንጓች ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«እህቴ፣ የእኔን እዚሁ በሳቸው ፊት ንገሪኝ።»

«አንቺማ ምንም የለብሽም» አለች ነርሷ። «ከእናትየው ጋር ውጪ ጠብቁን።»